ምጥ በፈረንጅ አፍ

በሲስተር እጅ የተወለደው ልጅ ሁሉ ተጠርቶ ቢመጣ የክሊኒኩ ግቢ አይበቃውም። የመድኃኒቱንና የመሣሪያውን ስም በእንግሊዝኛ ታንበለብለዋለች፤ ምጥ የያዛትን ሴት የምታዝበት እንግሊዝኛ ግን አልነበራትም። እስከዚያ ድረስም አላስፈለጋትም።

የድልድዩ ሥራ ላይ ያለው ፈረንጅ መሐንዲስ ሚስቱን ለወሊድ እዚሁ አስመዘገበና ጭንቅ መጣ። ሲስተር ቤቷ እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ሴት ልጇን ያዘቻት።

«ግፊ ለማለት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«ለምጥ ከሆነ ‹ቤር ዳውን›» አለች ልጅቷ። «‹ቤር› ብቻውን መሸከም ነው፣ ‹ዳውን› ወደ ታች። ሁለቱ ሲጋቡ ግን አቅምን አሰባስቦ መጫን፣ መታገል ይሆናል።»

«ሲጋቡ ጠባያቸው ይለወጣል በያ።»

«እንደ አንቺና እንደ አባዬ።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አላገኘም። ልጅቷ ሒሳብ ላይ ስታፋሽግ «ቤር ዳውን!» ይመጣል። አባትየው የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን እምቢ ብሎት ሲታገል ከጓዳ «ቤር ዳውን!» ይመጣል።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ እኔ አልወልድም!» አለ ባል። ክዳኑ ግን ተከፈተ፤ ሲስተርም ቃሉ እንደሚሠራ አመነች።

ቀኑ ደረሰና ፈረንጇ አንደኛው አልጋ ላይ ተኛች። እንግዲህ በዚያ ክፍል አንዲት ሴት ስታምጥ ዝም የሚል ሰው የለም። የጎረቤት አልጋ እናት ታግዛለች። አፏ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» የሚሏት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ተደግፋ ታግዛለች። ዘበኛው ሳይቀር ኮሪደር ላይ ሆኖ «አይዞሽ!» ይላል። ሲስተር ግን ይሄ ለፈረንጅ ነውር ነው ብላ ፈራች። የሰው አገር ሰው፣ ያውም እንግዳ! መጋረጃውን ጋረደች፣ ዘበኛውን በር ላይ መለሰች፣ ሬዲዮን አስጠነቀቀች።

«ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«እኔ ዝም ካልኩ ልጁ በምን አውቆ ይመጣል?» አለች ሬዲዮ፤ አኩርፋም መስኮት ልትወለውል ሄደች።

ሲስተር ወደ ፈረንጇ ጎንበስ አለችና፣ ወንበር እንደሚያቀርብ ሰው፣ «ፕሊስ፣ ማዳም… ቤር ዳውን» አለቻት።

ፈረንጇ ገብቷታል። ራሷን በትሕትና ነቀነቀችና ገፋች፤ ግን የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ በር የሚገፋ ሰው አገፋፍ ነበር። «ፕሊስ» እየተጨመረ ተደገመ። መሐንዲሱ ባሏ ሊፍት ውስጥ እንዳለ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ኮርኒሱን ያያል። የሚሰማው የሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው።

ዶክተሩ መጥቶ የልጁን የልብ ምት አዳመጠ። «ልጁ ለጊዜው ደህና ነው። እሷ ግን እየደከመች ነው። በዚህ ዓይነት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልንልካት ነው፤ አምቡላንሱ ይዘጋጅ።»

ሲስተር ያን ኮረኮንች መንገድ ታውቀዋለች፤ ጤነኛውን ሰው እንኳ አንጀቱን ያላቅቀዋል። ፈረንጇ የሲስተርን እጅጌ ጭምድድ አድርጋ ይዛ አንድ ነገር አለቻት። ልጇ ያላስተማረቻት እንግሊዝኛ ነበር። እንባው ግን ያው የምታውቀው እንባ ነው።

ከመጋረጃው ወዲያ ተራዋን የምትጠብቀው የሁለተኛው አልጋ እናት አላስችል አላት። «ሲስተር! እያዋለድሻት ነው ወይስ እያስተኛሻት?»

«እኔማ አፌ ታስሯል» አለች ሬዲዮ ከመስኮቱ።

ሲስተር መጋረጃውን በአንድ እጇ ገለጠችው። «ኑ! ቃሉ ‹ቤር ዳውን› ነው። ከሆድ ይውጣ!»

ሬዲዮ መወልወያዋን ወርውራ ደረሰች። «ቤር ዳውን፣ የኔ እናት! ምን ትሽኮረመሚያለሽ፣ እዚህ አማት የለችብሽ! ቤር ዳውን!» የሁለተኛው አልጋ እናት የአልጋዋን ብረት ጨብጣ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ አብራ ትገፋለች። ከኮሪደሩ የዘበኛው ወፍራም ድምፅ ተቀላቀለ። ሲስተርም «ፕሊስ»ን ከነማዳሟ ረስታ፣ «በይ እንጂ አንቺ! ቤር ዳውን!» ብላ አንባረቀች።

«አንተ ምን ትገተራለህ? አይዞሽ በላት!» ብላ ሬዲዮ ባልየውን ከግድግዳው ላይ ነቀለችው።

«አይ… ዞሽ?»

«ጮክ ብለህ!»

«አይዞሽ!»

ፈረንጇ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ የባሏን አፍ አይታ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ የምር ጩኸት፣ የመስኮት መስታወት የሚያርገበግብ። ደገመችው፤ ሠለሰችው። በመጨረሻም ሲስተር እጅ ላይ አንዲት ቀይ፣ የተቆጣች ሴት ልጅ ዱብ አለች። ውጭ የአምቡላንሱ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ።

ሲስተር ላቧን በክንዷ ጠርጋ ሳትጨርስ፣ «ሲስተር…» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። የሁለተኛው አልጋ እናት ናት።

«ምነው?»

«የኔም መጣ።»

«ያንቺ ገና ነው፣ ማታ ነው ብዬሽ አልነበር?»

«ምን ላድርግ? ሰው ላግዝ ብዬ ስገፋ!»

ሲስተር ፈጣሪዋን ጠርታ ጓንቷን ቀየረች። ከአንደኛው አልጋ በኩል ፈረንጇ ልጇን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ በተሰነጠቀ ድምፅ «አይዞሽ!» ስትል ተሰማ። ባሏማ ከናካቴው እጅጌውን ሰብስቦ ሁለተኛው አልጋ ሥር ደርሶ ነበር፤ ሬዲዮ የጣለችውን መወልወያ አንስታ በእንጨቱ አገደችው እንጂ።

«አንተ ደግሞ በሰው ሚስት ምጥ ምን ጥልቅ አደረገህ? ውጣና ከወንዶቹ ጋር ጩህ!»

ቋንቋው ባይገባውም እንጨቱ ገባው። ወጥቶም ከዘበኛው ጎን ቆሞ፣ ከዘበኛው አብልጦ ጮኸ።