የሁለቱ ጠርሙሶች ቪዲዮ

«ቅብጥብጥ» ብላ ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። ያን ቀን ደግሞ ብሶባታል። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፤ መስኮቱን ከፍታ ወዲያው መልሳ ትዘጋለች። ለአንድ የዲዛይን ማሠልጠኛ የአንድ ደቂቃ ተኩል አኒሜሽን ሠርታ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መላክ አለባት። የምታስረዳው መርህ አጭር ነው፤ ሥራቸው የተለያየ ነገሮች መልካቸውም ይለያይ።

ክቦችን ከአራት ማዕዘኖች ጋር አስጨፈረች፤ ቀዩን በሰማያዊው አስባረረች። ዓይን ይስባል፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም። አጠፋችው። እንደገና ሳለች፣ እንደገና አጠፋች።

እህቷ የሆስፒታል ነርስ ናት። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከኋላዋ ቆማ አየችው።

«እና ምን እያለ ነው?»

«አልገባሽም እታለም?»

«ጭፈራው ገብቶኛል።»

ቅብጥብጥ እርሳሷን ወረወረች። ይሄኔ እህቷ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባለፈው ወር እጄ ላይ ሁለት ጠርሙስ ነበር። ክዳናቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። አንዱ ቁስል የሚታጠብበት ነው፣ ሌላው በመርፌ የሚሰጥ። የማጠቢያውን በመርፌ ስቤ የአንድ በሽተኛ ክንድ ጋ ደርሼ ነበር።»

«ወይኔ! ከዚያስ?»

«አስነጠሰው። እስኪረጋጋ ስጠብቅ ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

«ልሥራው?»

«አብደሻል? ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው?» ብላ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች።

ቅብጥብጥ ወደ ክቦቿ ተመለሰች፤ ልቧ ግን ከጠርሙሶቹ አልተላቀቀም። ከወጥ ቤት የሳህን ኳኳታ ይሰማል። የታጠበው ሁሉ ድጋሚ የሚታጠብ ይመስላል። ለአሥራ ሁለት አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው እህቷ እጇ እንደራሰ ብቅ አለች።

«እጅ ብቻ አሳዪ፤ ፊት እንዳታደርጊበት። ማስነጠሱን ግን እንዳትተዪው።»

ከዚያ በኋላ ቅብጥብጥ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። መንታ ጠርሙሶች፣ አንድ እጅ፣ ማስነጠስ፤ ቀጥሎ ያው ጠርሙሶች፣ አንዱ ቀይ ክዳን ለብሶ። አምስት ደቂቃ ሲቀራት ላከችው።

በማግስቱ የማሠልጠኛው መምህር ደወለ። «ለተማሪዎቹ አሳየሁት። ታሪኩ እውነት ነው?» ሲላት «ቪዲዮው ይበቃል» ብላ ዘጋችበት።

እህቷ ግን ያን ሰሞን ቪዲዮውን ደጋግማ ስታየው ከረመች። አንድ ጠዋት ከቤት ስትወጣ «ዛሬ ለአለቃዬ አሳያታለሁ፤ እጁ የኔ መሆኑንም እነግራታለሁ» አለች። ቅብጥብጥ ያን ቀን አንዲት መስመር እንኳ አልሳለችም። ስልኳን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፤ ኮሪደሩን ስትመላለስበት ዋለች። «ምን አባቴ ነካክቼ ቀሰቀስኩባት!» ትላለች ለብቻዋ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደወለ።

«ተቆጣችኝ» አለች እህቷ። «በጣም ነው የተቆጣችኝ።»

«አባረረችሽ?»

«የለም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለብኝ። አሁን እሷም እኔም መጋዘን ውስጥ ነን፤ ማጠቢያዎቹ ላይ ቀይ ፕላስተር እየለጠፍን ነው። በይ ልዝጋ፣ መቀስ እየጠየቀችኝ ነው።»