የዓረብ ፈረስ

ሹሙ አቶ ሽባባው እንደሚሉት የቀይ ቡናማው ዳማ ፈረሳቸው አያት ከየመን በጀልባ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ዘሩ ከሱልጣን ጋጣ የሚመዘዝ ነው። ፈረሱን የሸጠላቸው ከድሮ የተባለው ሰው እንደሚለው ግን ዳማው የተወለደው ቆሼ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ሁለቱ የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የዓረብ ፈረስ ነው።»

ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ከቡታጅራ ጥያ ደርሶ መልስ ግልቢያ አለ። ቀድሞ የተመለሰ በሰልፉ ላይ ከአገረ ገዥው ጎን ይጋልባል። አምና የአቶ ሽባባው ፈረስ መንገድ ላይ ቡኢ ሲደርሱ ደክሞ ተኝቶባቸው በጭነት መኪና ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሹሙ ሰውዬ በከተማው ሁሉ «የጭነቱ ፈረሰኛ» ናቸው። ዘንድሮ ያንን ስም ለመፋቅ ከዳማውና ከነጩ ፈረሳቸው አንዱን እንድመርጥላቸው አለማያ እርሻ ኮሌጅ የከብት እርባታ የተማርኩትን እኔን አስጠሩኝ።

ሰውየውን ብንቅም ፈረሶቹ ምን በደሉ? ሁለቱንም ዳገቱን አስወጥቼ አስመለስኳቸው። ነጩ ጋማው የሙሽራ ጸጉር ነው፤ ሲመለስ ግን ጎኑ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋ ነበር። ዳማው አጭር ጀርባ፣ ጠንካራ ኮቴ አለው፤ ላቡ ሳይደርቅ ትንፋሹ ረጋና ሣር ፈለገ።

«ዳማው ይሻላል» አልኳቸው።

አቶ ሽባባው ደረታቸውን ነፍተው፣ አጥሩን ተደግፎ ከሚያየው ሰው መሐል ወደቆመው ከድሮ ዞሩ። «አላልኩም? ደም አይደበቅም! ከድሮ፣ እስቲ ዘሩን ንገረው።»

«የምን ዘር፣ ጌታዬ?»

«የዓረብ ፈረስ ነው ብለኸኝ የለም?»

«ዋላሂ ነው! የጨው ነጋዴው፣ የዓረቡ የሳላህ ፈረስ ነዋ! ሱቁንስ የዓረብ ሱቅ አይደል የምንለው? ስንት ዓመት ጋሪ ጎተተለት፤ ቆሼ ቡታጅራ፣ ቆሼ ቡታጅራ።»

አጥሩን የተደገፈው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከድሮ አልዋሸም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የተሾመ ሰው መች ይጠይቃል?

«ጋሽ ሽባባው፣» አልኩ ሳቄን ውጬ፣ «ጋሪው እኮ ነው ልቡን ያጠነከረው። ጥያ ደርሶ የሚመልስዎ እሱ ነው።»

«ከአገረ ገዥው ጎን በጋሪ ፈረስ? እኔ?»

«እንግዲያው የጭነት መኪናው ይዘጋጅ!» አለ አንዱ ከአጥሩ ማዶ።

አቶ ሽባባው ፊታቸው ጠቆረ። ገና ወደሚያለከልከው ነጭ ፈረስ ሄደው ልጓሙን ጨበጡና ለሁላችንም እንዲሰማ ጮኹ፦

«በነጩ ነው የምሄደው!»