ሙጫው የተሻገረ ዕለት

የዚህን ክለብ ስብሰባ ያላየ ሰው ስብሰባ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። አዳራሽ የለ፣ ወንበር የለ፣ እጅ ማውጣት የለ። አባላቱ በሙሉ ወደ ሜዳው ይወጡና በአንደኛው አጋማሽ ይሰበሰባሉ። የቀረበውን ሐሳብ የደገፈ የመሀል መስመሩን አልፎ ወዲያ ማዶ ይቆማል፤ የተቃወመ ባለበት ይቀራል። ልማዱ የተጀመረው የድሮው ባለቤት፣ ፋብሪካው፣ ቡድኑን አልፈልግም ብሎ የበተነ ጊዜ ነው። ደጋፊዎቹ ያን ዕለት ሜዳው ላይ ቆመው፣ “ክለቡን ራሳችን የምንይዝ ወዲያ እንሻገር፣ ወደ ቤታችን የምንሄድ እዚሁ እንቅር” ተባባሉ። የቀረ ሰው አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሆነና ክለቡ የእነሱ ሆነ። እጁን ያወጣ ሰው ነገ “እኔ አላወጣሁም” ብሎ ሊክድ ይችላል፤ በእግሩ የሄደውን ግን ጎረቤቱ ሁሉ አይቶታል።

ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ሰው በእግሩ ሲመርጥ ዓይኑ መስመሩ ላይ አያርፍም፤ የሚያምነው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። እሱ ሲሄድ ይሄዳል፣ እሱ ሲቆም ይቆማል።

ሊቀመንበሯ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት ቤቷ ከሜዳው በር ፊት ለፊት ነው፤ የክለቡን ማሊያ የምትሰፋውም እሷ ናት። ሊቀመንበርነቱ የመጣባት በዚሁ በኩል ነው። ተጫዋቹም፣ ደጋፊውም፣ አንዳንዴ ዳኛውም ሳይቀር ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ብሶቱን እዚያ ስለሚያራግፍ፣ የክለቡን ጓዳ ጎድጓዳ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ጠፋ። እሷም ሥልጣኑን ወደደችው። አልወደደችውም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ልብ አለ፣ መጨመር አያስፈልግም።

የክለቡ በረኛ ታናሽ ወንድሟ ነው። እንጀራው ብየዳ ነው፤ የሰፈሩን በርና መስኮት ግማሹን የሠራው እሱ ነው። ኳስ እጁ ላይ ከገባች አትወጣምና ሙጫው ይሉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ታዳጊዎች ያሠለጥናል፣ በነጻ፣ ያውም እየተቆጣ። እናታቸው ስትሞት ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት፤ “እትዬ” ይላታል፣ እሷ ያለችውን ሁለተኛ ጠይቆ አያውቅም።

በክለቡ ደንብ ውስጥ ከምሥረታው ጀምሮ የቆየ አንድ አንቀጽ ነበር፦ ከአሥራ አንዱ ተሰላፊ አምስቱ የሰፈሩ ልጆች መሆን አለባቸው። ክለቡ ታችኛው ሊግ ውስጥ ሲዳክር አንቀጹ ማንንም አልከበደም። ወደ ላይኛው ሊግ መውጫው በር ላይ ደርሰው በአንዲት ጎል ተገፍተው የተመለሱ ጊዜ ግን አሰልጣኙ ስፌት ቤት መጣና ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

“ያ አንቀጽ ካልተነሳ ላይኛውን ሊግ በቴሌቪዥን ነው የምናየው” አላት። “ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ የማመጣው በረኛ ነው።”

“በረኛ አለን እኮ።”

“ወንድምሽ ጎበዝ ነው። ከፍ ያለ ኳስ ግን አይደርስበትም። ይህን እኔ አልነግርሽም።”

ታውቀዋለች። ያቺ የመጨረሻዋ ጎል የገባችው ከጣቶቹ በላይ አልፋ ነው። ያን ቀን እሷ ከሁሉም በላይ አልቅሳለች፤ ያለቀሰችው ግን ለወንድሟ አልነበረም፣ ለደረጃው ነው። ይህን ለራሷም አልተናገረችም። አሰልጣኙ ሊሄድ ሲል ያጨውን በረኛ የክንድ ልክ ነገራት፤ እሷም በዚያው ሳምንት ጨርቁን ዘርግታ ቆረጠች። ድምፅ አልተሰጠም፣ ስብሰባም አልተጠራም፣ አንድ ቁጥር ማሊያ ግን ተሰፍቶ አለቀ።

አንቀጹ ሊነሳ ነው የሚለው ወሬ ሲሰማ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣ ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀሩት አዛውንት፣ ስፌት ቤቷ በር ላይ ቆመው፣ “ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው” አሏት። ሌላው ሰው ደግሞ አፍ አውጥቶ ባይናገርም የሚጠብቀው ሙጫውን ነበር። አንቀጹ የእሱ ነው፣ ልጆቹም የእሱ ናቸው፤ እሱ ከተሻገረ ምን ቀረ? እሷም ይህን አስልታ በስብሰባው ዋዜማ እራት ጠራችው።

በደንብ አበላችው። ከዚያ፣ “ነገ ትሻገራለህ አይደል?” አለችው።

“እሱን ነው የማስበው እትዬ። አንቀጹ ከተነሳ የኛ ልጆች ምን ይሆናሉ?”

“አንድ አጥቂ ነው የምናመጣው። አንድ፣ በቃ። ልጆቹን የሚነካ የለም።”

“እኔስ?” አለ፤ እየሳቀ ነው ያለው።

“አንተንማ ማን ይነካሃል፣ እኔ እያለሁ።”

“እንግዲህ አንቺ ካልሽ” አለና ሳህኑን አንስቶ እንደ ልጅነቱ ራሱ አጠበው። እሷ ጀርባውን እያየች ነበር። ልትጠራው አፏን ከፈተች፣ ግን ውሃው ድምፅ ነበረው፣ እሷም ያንን ምክንያት አደረገች።

በማግሥቱ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ወጣቶቹ ወዲያው ተሻገሩ። ጡረተኛው ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ፤ አብዛኛው ሰው ከእሳቸውና ከመስመሩ መሀል ተንጠልጥሎ ቀረ። ያን ጊዜ ሙጫው እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ምንም እንደሌለበት ሰው፣ ቀስ ብሎ ሄደና መስመሩን አለፈ። የታዳጊዎቹ እናቶችና አባቶች ተከተሉት። ሌላው ተከተላቸው። በመጨረሻም ምርኩዙ ከመሬት ተነቅሎ መስመሩን ተሻገረ። አንቀጹ ተነሳ።

“አሸነፍሽ እትዬ” አለና አቀፋት። እሷ ፊቷን ትከሻው ላይ ደበቀች፤ ሰው ግን የደስታ ነው ብሎ አለፈው።

አንድ ቀን ክር ልትገዛ ወጣ ብላ ስትመለስ ወንድሟ ስፌት ቤት ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ከመስቀያው ላይ አንድ ቁጥርን አይቶ፣ የኔ ነው ብሎ ለብሶታል። እጅጌው ጣቶቹን አልፎ ተንጠልጥሏል። እንደ ሕፃን እያወዛወዘው ይስቃል።

“እትዬ፣ ልኬን ረሳሽው እንዴ?”

የመጀመሪያ ዩኒፎርሙን የሰፋችው እሷ ናት። በየዓመቱ እጅጌውን የለቀቀችለት እሷ ናት። የዚህን ልጅ ክንድ ዓይኗን ጨፍና መቁረጥ ትችላለች፤ እሱም ያውቃል። “አሳጥርልሃለሁ” ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የክር ከረጢቱን እንደያዘች ቆመች። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየችው።

“ለሌላ ሰው ነው” አለ፣ ራሱ መልሶ።

“ወንድምዬ...”

ማሊያውን አወለቀ። እሷ እንዳስተማረችው፣ ስፌቱን ከስፌቱ ገጥሞ አጠፈው። “መቼ ነው የሰፋሽው? ከራቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?”

“በፊት።” ቢያንስ ይህችን አልዋሸችም።

“እሺ” አለና ወጣ።

ቢጮህባት በወደደች። መስታወቱን ቢሰብር፣ ሰው ቢሰበሰብ፣ ቢያዋርዳት ለእሷ ዕረፍት ነበር። እሺ የምትባል ቃል ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆማ ቀረች። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ትሰማታለች፣ ጉርሻ ስታነሳ ትሰማታለች።

ለአባላቱ እነግራለሁ አለች። አሰልጣኙ፣ “አሁን ቡድኑን ትበትኚዋለሽ፤ ውድድሩ ይለቅና ትናገሪያለሽ” አላት። ለመዘግየት ሰበብ የሚፈልግ ሰው መካሪ አያጣምና ተስማማች። አዲሱ በረኛ መጣ። ኳሱ ከየትም ቢመጣ ይደርስበታል። ያውም ጨዋ ልጅ ነው፣ ስፌት ቤቱ በር ላይ ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላታል፤ እንድትጠላው እንኳ ምክንያት ነሳት። አጥቂ ቀጠለ። ከዚያ ተከላካይ። የሰፈሩ ልጆች አንድ በአንድ ወደ ተቀያሪ ወንበር፣ ከወንበሩም ወደ ተመልካች መካከል ወረዱ። ሙጫው ግን ቅዳሜን አላቋረጠም። እሷ በመስኮቷ ታየዋለች፤ መጀመሪያ ሜዳ ሙሉ ልጅ ነበር፣ በኋላ ለሁለት ቡድን የማይበቃ ሆነ።

በመጨረሻው ጨዋታ አሸነፉ። ላይኛው ሊግ ገቡ። ሰፈሩ አበደ፤ ሊቀመንበሯን ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ እስከ ክለቡ ቤት ድረስ ተሸከሟት። ከላይ ሆና የወንድሟን ራስ ፈለገች። ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሲያወርዷት ጠረጴዛ ላይ ወጣች። “የምነግራችሁ አለኝ” አለች። “አንቀጹ የተነሳ ቀን አንድ ተጫዋች ብቻ ነው የሚመጣው ብዬ ወንድሜን ዋሽቼዋለሁ። የሱን ቦታ ለሌላ እንደሰጠሁ እያወቅሁ አሻገርኩት። እናንተም ተከተላችሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ድንጋይም ቢመጣ ለመቀበል ተዘጋጅታለች። ከኋላ አንዱ፣ “እንኳንም ዋሸሽን፣ ይኸው ወጣን አይደል” አለ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ጭብጨባ። እያለቀሰች እንደቆመች አጨበጨቡላት፤ አንዷማ፣ “ውይ የልቧ ንጽሕና” እያለች ዓይኗን ጠረገች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእሷ ግን ሲጠራ ማንንም አላነቃም፣ ሁሉም ጠግቦ ነበር። ወደ በሩ ስታይ ግድግዳው ባዶ ነው።

ላይኛው ሊግ ሜዳው ዙሪያውን በብረት ይታጠር አለ። እንደ ወትሮው አባላቱ ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ሲሚንቶውን አቦኩ፣ ብየዳው የሙጫው ድርሻ ሆነ። አንድ ጠዋት ስፌት ቤቷን ዘግታ ወደሱ ሄደች። ፊቱን በብየዳ ጭንብል ሸፍኖ ተንበርክኳል። ቀና ብሎ አያትና፣ “ያዥልኝ” ብሎ አንዱን ቋሚ አቀበላት። ያዘችለት። ብልጭታው ሲመጣ ፊቷን አዞረች፣ ሲጠፋ መለሰች።

“ለምን አትሰድበኝም?” አለችው።

“ምን ብዬ?”

“የመጣልህን።”

ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ። “እትዬ፣ የኔን ተይው። በረኛ ሁሌም ይቀየራል። እውነቱን ብትነግሪኝ ማሊያውን በገዛ እጄ አውልቄ እሰጥሽ ነበር።” ብረቱን በጣቱ ፈተሸ። “ግን አልሻገርም ነበር።”

ይህን ጊዜ ጡረተኛው ምርኩዛቸውን እየተከሉ በአጥሩ ማዶ መጡ። ድግስ አይወዱምና እሷ ጠረጴዛ ላይ የወጣች ቀን አልነበሩም።

“ለስብሰባ በየት በኩል ነው የምንገባው?” አሉ፣ አጥሩን እስከ ዳር ድረስ ቃኝተው።

“ከእንግዲህ መግባት የለም አባባ” አለች። “ሊጉ ተመልካች ሜዳ እንዲረግጥ አይፈቅድም።”

“ተመልካች” አሉ አዛውንቱ፣ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። “የልጄ ልጅም ኳሱን ተወ። ባድግስ የት እሰለፋለሁ አለኝ፤ የምለው ጠፋኝ።” ከዚያ ወደሷ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፣ የሚጠይቁት ስለማያውቁ ነው። “የተናገርሽውን ሰዎች ነገሩኝ። ወንድምሽን እንዳታለልሽው ሰማሁ። እኔን ግን ማን አታለለኝ ልበል? ያን ዕለት እግሬ አልሄድ ብሎኝ ነበር። አንቺን አላየሁም፣ ልጄ። ያየሁት እሱን ነው። እሱ ከሄደ ምን ያስፈራኛል ብዬ ነው የተሻገርኩት።”

“አባባ፣ እሱ አያውቅም ነበር” አለች። “እኔ ነኝ። እሱ ምንም አያውቅም።”

“አውቃለሁ፣ አውቃለሁ” አሉና ምርኩዛቸውን አንስተው በአጥሩ ጥግ ጥግ ሄዱ።

ሙጫው ጭንብሉን ፊቱ ላይ መለሰ። ተንበርክኮ የብየዳውን እጀታ ወደ ብረቱ አስጠጋ፣ እሷም ፊቷን አዙራ ብልጭታውን ጠበቀች። አልመጣም። ዘወር ስትል ጭንብሉ ወደ መሬት አዘንብሏል፤ ከሥሩ የሚወጣው ሁለት ትከሻውን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ብቻ ነው። እናታቸው የሞተች ቀን እንዲህ ሲያለቅስ አንስታ አቅፋው ነበር። አሁን እጇን ልትዘረጋ ብትል ቋሚውን ልትለቀው ነው፤ ገና አልተበየደም፣ ከለቀቀችው በሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ብረቱን እንደያዘች ቆመች።