የጎረቤት ከብትና «መስት»

መምህር ደሴ የታረሙትን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶች ለየባለቤታቸው እየሰጠ ነው። ካሳነሽ ወረቀቷን ተቀብላ አየችና ከፊቱ አልሄድ አለች። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ እሷ ያገኘችው አርባ ዘጠኝ።

«ይችን ለምን ሰረዟት?» አለች በጣቷ እያሳየች።

ጥያቄውን ያወጣው ደሴ ራሱ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ የጎረቤትንም ከብት ወደ ደረቅ መሬት ስለመንዳት የሚናገር፣ ረዳት ግሡ የጎደለ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ «እንችላለን» ለማለት «ካን»ን ፈልጎ ነበር። እሷ ግን «መስት» ብላ ግዴታ አድርጋዋለች።

ከኋላዋ የቆመው የባለሱቁ ልጅ ሳልህ ሳቀ። «ምነው ካሳነሽ፣ ቀበሌ አዞሽ ነው?»

«ቀበሌ ምን አግብቶት! አንተ የከተማ ልጅ፣ ጎርፉን የምታውቀው በወሬ።» ወደ መምህሩ ዞረች። «የራሱን ብቻ ነድቶ የወጣ ሰው፣ ውኃው ሲጎድል ከማን ጋር ይኖራል? ለቅሶ እንኳ የሚደርስለት የለም።»

ደሴ የደብረ ታቦር ልጅ ነው፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ አገሩ ስለሚሄድ የሚያስተምርበት ፎገራ ውኃ ሲለብስ አይቶ አያውቅም።

«ሲመቻችሁ የምትረዳዱ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ባይመችም ይነዳል፣ መምህር።»

«የእኔ ‹ካን›ስ?» አለ ሳልህ ደንግጦ።

«ያንተም ልክ ነው። ጥያቄውን አጥርቼ ያላወጣሁት እኔ ነኝ።»

ደሴ አርባ ዘጠኙን ሰርዞ ሃምሳ ጻፈ፤ ፈረመበትና ወረቀቱን ለካሳነሽ መለሰላት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶውን ከድኖ ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካው።