እንድሪስን ለሐኪም የሸጥኩበት ቀን

በርበሬ በረንዳ ላይ ከእኔ ከሀብተ ወልድ የተሻለ ሻጭ ነበር የሚል ሰው ካለ፣ መርካቶን በአውሮፕላን ሲያልፍ ያያት ነው። የእኔ መጋዘን ሲከፈት አቃቂ ያለ ሰው ያስነጥስ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ የሆነው እንዲገባችሁ ነው።

ወዳጄ እንድሪስ የወሎ ሰው ነው፤ ጭድ ተራ ውስጥ ጭድ ይነግዳል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊደርስ ሲል አጥር ይታደስ፣ ቀለም ይቀባ ተባለና፣ እንድሪስ ያረጀ ቆርቆሮ ሲነቅል መዳፉን ቆረጠው። ሁላችንም የምናደርገውን አደረገ፤ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ነሰነሰበት። ቁስሉ ደረቀ፣ ቅርፊት ያዘ። ዳነ አልን።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ስደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ትንፋሹ እንደ ሮጠ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ምች ነው፣ ዳማ ከሴ እሹለት አለ። ሌላው ከኮምቦልቻ ይዞት የመጣው ወባ ነው ብሎ ማለ። የደረቀውን ቁስል ዞር ብሎ ያየ የለም። እኔም እስከ ቀትር አጠገቡ ተቀምጬ ሻይ ሳጠጣው ቆየሁ። ከቀትር በኋላ ግን «አባባ» ብሎ ጠራኝ። እኔ ታናሹ ነኝ። ሚስቱን ሀጅራን ከቤት አስጠርቼ፣ እሱን ብቻዬን ተሸክሜ፣ እግሩን የያዙትን ሁለት ኩሊዎች ካልቆጠርን ማለቴ ነው፣ ውይይት ታክሲ ላይ ጫንኩት።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ከአውደ ዓመት ገበያ ይብሳል። ሙሉብርሃን የምትባል፣ እንቅልፍ ካየች የቆየች የምትመስል ወጣት ሐኪም መጣችና ትኩሳቱን ለካች፤ የመዳፉን ቅርፊት አይታም ነገሩ ከዚህ ሳይነሣ አይቀርም አለች። መቼ እንደጀመረው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከጠዋት ጀምሮ ሽንቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ መርካቶ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ገዢ ፊት የራስህን ዕቃ አታራክስም። ደግሞ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። እንድሪስ በሬ ነው አልኳት፤ ይኼ ትኩሳት ለእሱ ጉንፋን ነው።

«ሽንትማ አዋሽ ነው፣ ዶክተር።»

ጻፈችው። ደም የሚፈሳቸው ይቀድማሉ ብላ ወረፋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችን።

ተቀመጥን። ቅድም እሳት የነበረው እጁ እየቀዘቀዘ መጣ። ዓይኑን ከድኖ ከሸሚዙ ላይ የሌለ ጭድ ይለቅማል። ሀጅራ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። ወረፋው ግን አይነቃነቅም።

ሐኪሟ በአጠገባችን ስታልፍ አስቆምኳትና፣ የመዳፍ ጭረት እንዴት ሙሉ ሰው ይጥላል አልኳት። ግራ ቀኟን አየች። ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ገበያ መሐል አንድ ሰው ሌባ ብሎ ቢጮኽ ምን ይሆናል?»

«ሰው ይሰበሰባል።»

«የተሰበሰበውስ?»

«እሱም ይጮኻላ!»

ይህንንማ ለእኔ! አንዴ ለአንድ ጆንያ ጨው ሲባል መደዳውን ሱቅ ሲያፈርሱት፣ ሌባው ሙዝ እየላጠ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ደማችንም ውስጥ እንዲህ ያሉ ጠባቂዎች አሉ አለችኝ፤ ኮምፕሊመንት ይባላሉ። ዝም ብለው ይዞራሉ። አንዱ ተሕዋስ ሲያይ ቀጣዩን ይቀሰቅሳል፣ ያ ደግሞ ሌሎችን። ተሕዋሱን ምልክት ያደርጉበታል፣ ይበሱታል፣ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠሩበታል። ለትንሽ ቁስል ደግ ነው። ተሕዋሱ ደም ውስጥ ገብቶ በየቦታው ሲዛመት ግን ጩኸቱም በየቦታው ይሆናል፤ ያን ጊዜ የራሳቸውን ቤት ያፈርሳሉ። የደም ሥር ያፈሳል፣ ግፊት ይወርዳል።

«ጠባቂ ሲያብድ፣ ጋሼ...» ብላ ጀምራ፣ ካኪ የለበሰ ካድሬ ሲያልፍ ነገሯን ዋጠችው። ቆይታ ቀጠለች። «ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ኩላሊት ነው። ሽንቱን የጠየቅኩዎ ለዚህ ነው። የእሱ ደህና ስለሆነ ትንሽ ይጠብቃል።»

ተነሣች። እንድሪስን ሸጬዋለሁ፤ ያውም በጥሩ ዋጋ።

የጋዋኗን ጫፍ ያዝኩ። «ዶክተር፣ ውሸት ነው። ከጠዋት ጀምሮ የሸናው አንዲት ሲኒ አይሞላም። መልኩም እንደ ሻይ ነው።»

ሀጅራ ዱዓዋን አቋረጠች።

«አዋሽ ብለውኝ ነበር» አለች ሐኪሟ። «የቱን ልመን?»

በሰባት ታቦት እምል ነበር፤ ግን አፌ ላይ የመጣው መሐላ ሁሉ ለበርበሬ ገዢ ስምለው የኖርኩት ነው። ሸክላ ተደባልቆበታል ብሎ እንደጠረጠረ ደንበኛ አየችኝ። ከዚያ እኔን ትታ የእንድሪስን ጥፍር በአውራ ጣቷ ተጫነችና ለቀቀችው። ጥፍሩ ነጣ። እንደነጣም ቆየ። ቀዩ እስኪመለስ አንድ ኩንታል በርበሬ ቀንጥሼ እጨርስ ነበር።

አልጋ አምጡ ብላ ጠራች።

በሁለቱም ክንዱ ግሉኮስ ገባ፤ መርፌው ተከታተለ። ቅርፊቱን ስታነሣው ከሥሩ የወጣውን መግል አልነግራችሁም። የሽንት ቱቦ አስገብተው ጫፉ ላይ ጠርሙስ አንጠለጠሉ፤ ከእንግዲህ የሚነግረን ይኼ ነው አለችን። ሀጅራ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው፣ ባዶ ጠርሙስ ላይ አፈጠጥን። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ነርሷ ጠያቂ ይውጣ ስትል የእናቱ ልጅ ነኝ አልኳት። ማተቤን አየችና ትታኝ ሄደች።

ጠርሙሱ ባዶ ነው። አሁንም ባዶ ነው።

ከዚያ ጠብ አለ። ሀጅራ ክንዴን ጨመደደችው። ቆየት ብሎ ሌላ ጠብታ ወረደ። ሐኪሟ መጥታ አየች፣ ግፊቱን ለካች፤ «ገና ነው፤ ዛሬን ይለፍ» ብቻ አለች።

እንድሪስ ዓይኑን ገለጠ። ፈልጎ አገኘኝ።

«ሀብቴ» አለኝ በስሜ፣ «ጭዱን ሸራ አልብሳችሁታል?»

«ያንተን ብቻ? ጭድ ተራን በሙሉ አልብሼዋለሁ!»

ዓይኑን መልሶ ከደነ። ሀጅራ ቀና ብላ አየችኝ። ቀስ ብዬ ተነሣሁና ዝናቡ ውስጥ ገባሁ፤ ጭዱ ራቁቱን ነበር።