ሰማያዊ ተረከዝ

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት፣ የክርስትና እናቷን እግር ስታጥብ ኖራለች። አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። አሮጊቷ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፣ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። "ለእሳቸው ያደረግኩት ለጌታ ነው" ትል ነበር ለጠየቃት ሁሉ። የምሯን ነበር ደግሞ።

ከሁለት ወር በፊት ሌላ ከተማ ያለችው አንድያ ልጇ ወለደች። "እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" ብላ ስትደውል እናት ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ ነበር። አሮጊቷ ግን ትራሳቸው እስኪርስ አለቀሱ። "ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ። እኔ እዚሁ እገማለሁ እንጂ ምን እሆናለሁ?" ይሄን ሰምቶ ማን ይሄዳል? ሻንጣው ተመልሶ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ። ልጇ አኮረፈች፤ አኩርፋም መደወል ተወች። አያት ተብዬዋ እስከ ዛሬ የልጅ ልጇን ዓይን አላየችም።

ያን ጠዋት እንደ ልማዷ ሳፋውን አልጋው ግርጌ አስቀምጣ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ቀኝ እግራቸውን አጥባ አደረቀች። ግራውን ብታነሣ፣ ተረከዙ ሰማያዊ ነው።

የበለዘ መስሏት ክው አለች። በአውራ ጣቷ አሸት ብታደርገው ጣቷ ላይ ቀረ። ቀለም ነው። የኮሪደሩን ወለል ትናንት ከሰዓት ሰማያዊ ቀብተውት ገና አልደረቀም፤ እሷ ራሷ ዳር ዳሩን ነበር እየተጠነቀቀች የገባችው።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ምኑ ልጄ?"

"ተረከዝዎ ላይ ያለው።"

"እኔ እንጃ። ቀቢው ገብቶ ይሆናል።"

"ገብቶ እርስዎን ቀባዎት?"

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ነው" አሉ። ቆሻሻ ሊጥሉ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንታቸውን የደፋችላቸው ሴት ፊት!

"ከመቼ ወዲህ ነው የሚሄዱት?"

"ስምንት ወር ቢሆነኝ ነው።"

"ታዲያ ልጄ ስትወልድ ያን ሁሉ እንባ ያፈሰሱት በእግርዎ እየሄዱ ነው?"

"ብድን ትቀሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ካንቺ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ማን አለ?"

ልብስ ሰፊዋ በየማታው ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ አስነሣልኝ" ስትል፣ እሱ ካስነሣቸው ስምንት ወሩ፤ ያልተነገራት እሷ ብቻ ናት። ምስጋናዋን ሳይቀር ሰረቋት። የሳፋውን ውሃ ፊታቸው ላይ ልትደፋው ለጥቂት ነበር። አልደፋችውም። ቀለሙን በሳሙና ፈትጋ አስለቀቀች፣ እግራቸውን አደረቀች።

"ድነውም እመጣ ነበር እኮ!" አለች። "ነይ ቢሉኝ እመጣ ነበር።"

"ይቅር በይኝ ልጄ።"

"ዛሬ አልችልም።"

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለልጇ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

"እማዬ? ምነው፣ ሞቱ እንዴ?"

የገዛ ልጇ፣ ይሄ ነው የመጀመሪያ ጥያቄዋ። ሰው ካልሞተ እናቴ አትደውልልኝም ብላለች ማለት ነው።

"አልሞቱም። ድነዋል፣ በእግራቸው ይሄዳሉ። ልመጣ ነው፣ ዛሬውኑ እሳፈራለሁ።"

"እሰይ!" ልጅቷ በደስታ ጮኸች፤ ኩርፊያው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። "እሰይ እማዬ፣ ልፋትሽ መና አልቀረም! መቼ ነው የተነሡት?"

እውነቱን ብትነግራት ልጇ ብቻዋን ያማጠችው፣ ብቻዋን የታረሰችው ለከንቱ እንደነበር ታውቃለች።

"ዛሬ ጠዋት" አለቻት። ልጇን ስትዋሽ ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያስዋሿትም እሳቸው ናቸው።