እርሳስ የማይገድላቸው

አባቴ ሙራድ በአማኑኤል ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ያረጁ ባትሪዎችን ይጠግናል። አሲዱን ጓሮ ይደፋል፤ እርሳሱንም እዚያው ያቀልጣል። በየገበያው ቀን ከጓሮው ጉድጓድ አንድ በርሜል ውኃ አስቀድቶ ሱቁ በር ላይ ያኖራል፤ ከገጠር በእግሩ የመጣ ሁሉ ይጠጣል። እናቴ ሳሊሃ ከሞተች ወዲህ ለሰባት ዓመት በስሟ የሚሰጠው ሰደቃ ነው።

ለመመረቂያ ጥናቴ የጓሮውን ጭቃ የወሰድኩት ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ እርሳስ በተቀላቀለበት የባክቴሪያ ምግብ ውስጥ ዘራሁት። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ባክቴሪያ ሞላው። ደስ ብሎኝ ለአባቴ ደውዬ የጓሮውን ባክቴሪያ በእርሳስ እንደፈተንኩት ነገርኩት።

«አልሞቱም?» አለኝ።

«አንዱም!»

«አልሐምዱሊላህ! ሰዉ መርዝ ነው እያለ በከንቱ ሲያስፈራራኝ!»

ሥራ ነበረብኝና ስልኩን ዘጋሁት። አላረምኩትም።

በሳምንቱ ከጭቃው ጋር ወስጄው የነበረው የጉድጓዱ ውኃ የምርመራ ውጤት ደረሰ። እርሳሱ የሚፈቀደውን መጠን ዘጠኝ እጥፍ ነበር። ሚኒባስ ተሳፍሬ ስደርስ ገበያው ደርቷል። ገዳሙ የሚባል ገበሬ በርሜሉ አጠገብ ጣሳ ይዞ ይቀልዳል።

«ጋሽ ሙራድ፣ ይኼ ጠጅ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«እኔን ከመስጊድ፣ አንተን ከቤት ያባርሩን ነበራ!»

አባቴን ወደ ውስጥ ጠራሁት።

«አባባ፣ ውኃው እርሳስ አለበት። ይድፉት።»

«አልሞቱም ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እነሱ ሽፋናቸው ላይ ፕሮቲን አላቸው። የገባውን እርሳስ እየያዘ መልሶ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሌሎቹ አልቀው እነሱ የበዙት ጭቃው በእርሳስ ስለተሞላ ነው።»

«እኛስ?»

«እኛ እንደዚያ መልሶ የሚያስወጣልን የለንም። አጥንታችን ውስጥ ይከማቻል። በልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል።»

ወደ በሩ ተመለከተ። «ገበያው ሲበተን እደፋዋለሁ። የሳሊሃ ሰደቃ መርዝ ነበር ልበል፣ በሰው ፊት?»

«እስኪበተን ስንት ሰው ይጠጣል?»

አባቴ ወጣና ጣሳውን ከገዳሙ እጅ ነጠቀ፤ በርሜሉንም በትከሻው ገፍቶ ገለበጠው። አላፊ አግዳሚው ዘሎ ሸሸ።

«ምነው ጋሽ ሙራድ፣ በቀልድ ተቀየምክ?»

«ልጆችህ ከዚህ ጠጥተዋል?»

«ትንሿ የብርጓል በየገበያው ትጠጣለች። ምነው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እንድናገርለት የፈለገ መስሎኝ አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ።

«ውኃዬ መርዝ አለበት» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ልጅ ያጠጣችሁ፣ ልጆቹ እንዲመረመሩ ወደዚህ ቅረቡ።»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንዲት ሴት ያዘለችውን ልጅ እያወረደች መጣች።